የየትኛው ቀን ወተት?

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አህያ ወተት ነው። ፈገግ ያለ ካለ አልቀየምም፤ ብቻ ሬዲዮውን እንዳይዘጋው አደራ።

በሁለት ጥናቶች ልጀምር። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የጣሊያን ተመራማሪዎች ሥራ ነው። እነርሱ የለኩት የአህያ ወተት በአማካይ ከመቶ 0.38 ብቻ ስብ ነበረው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሲሆን በቻይና፣ በሺንጂያንግ በሚረቡ አህዮች ላይ የተደረገ ነው። የዚያኛው ስብ ከመቶ 1.16 ሆነ። ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። በሌላው ነገር ግን ሁለቱ ወተቶች ብዙም አይራራቁም። ፕሮቲኑ በጣሊያን 1.72፣ በቻይና 1.57 ነው። ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ደግሞ በጣሊያን 6.88፣ በቻይና 6.33 ሆኖ ተገኝቷል።

ከሁለቱ የተሳሳተ የለም። የአህዮቹ ዘር ይለያያል፣ የሚበሉትም ይለያያል። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ባየሁ ቁጥር ግን እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ወተቱ የታለበው አህያዋ በወለደች በስንተኛው ቀን ነው? ሲታለብስ ከግቷ መጀመሪያ የወጣው ነው ወይስ መጨረሻ ላይ የተንጠፈጠፈው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ካልተመለሱ ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይነግረኝም። አህያ በወለደች ዕለት፣ በወሯና በስድስተኛ ወሯ የምትሰጠው ወተት አንድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ለውጥም ምክንያት አለው። ዛሬ የምንጨዋወተው ስለዚያ ምክንያት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «እኛ የአህያ ወተት አንጠጣ፣ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ በአገራችን ሃይማኖቱም ባህሉም አይፈቅድም። ነገር ግን ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ አገር ናት፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ አህያ አለን። እህል ወደ ገበያ የሚያደርሱት፣ ውሃና ማገዶ የሚሸከሙት፣ በከተማም ሲሚንቶና አሸዋ የሚያመላልሱት እነዚህ ሁሉ አህዮች የሕይወታቸውን የመጀመሪያ ወራት ያለፉት በዚህ ወተት ነው። የበቅሎም ነገር አለ፤ እርሱን እንደርስበታለን።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ሰዓት እንነሳ።

አህያ 12 ወር ገደማ ታረግዛለች፤ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። የሰው ልጅ ሲወለድ እናቱ አንቲቦዲ የሚባሉትን በሽታ ተከላካይ ፕሮቲኖች አስቀድማ በእንግዴ ልጁ በኩል ሰጥታዋለች። በአህያ፣ በፈረስና በላም ይህ አይሆንም። በአህያ የእናቲቱ ደምና የጽንሱ ደም በስድስት ንጣፎች ተለያይተው ይኖራሉ፤ አንቲቦዲን የመሰለ ትልቅ ፕሮቲን ያንን ሁሉ ንጣፍ አልፎ አይሻገርም። ስለዚህ ውርንጭላ ሲወለድ በደሙ ውስጥ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚወለደው ደግሞ ጭቃና ፋንድያ ባለበት በረት ውስጥ ነው።

መከላከያው ያለው እንገሩ ውስጥ ነው። በባዝሮች ላይ የተደረጉ ልኬቶችን ብንወስድ፣ ባዝራ እንደወለደች የሚታለበው እንገር ከመቶ 15 በላይ ፕሮቲን ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ ብዙው አንቲቦዲ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ፕሮቲኑ ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። የአህያም እንገር የሚከተለው ይህንኑ ቁልቁለት ነው። በቀሩት ስድስትና ሰባት ወራት ውስጥ ይህን የሚያህል ለውጥ አይታይም፤ በአንድ ቀን ውስጥ የሚሆነው ለውጥ ከዚያ በኋላ በወራት ከሚሆነው ይበልጣል።

እንዲህ በፍጥነት የሚወርደው ለምንድን ነው? እናቲቱ አንቲቦዲውን ከደሟ እየለየች ወደ ግቷ የምታጠራቅመው በእርግዝናው የመጨረሻ ሳምንታት ነው። ከወለደች በኋላ ማጠራቀሙ ይቆማል፤ ውርንጭላው በጠባ ቁጥር የተጠራቀመው ይወጣና በቦታው አዲስ፣ ቀጠን ያለ ወተት ይገባል። ስለዚህ ሳትወልድ ግቷ ቀድሞ መንጠባጠብ የጀመረ አህያ ወይም ባዝራ ካለቻችሁ ነገሩን አቅልላችሁ አትዩት፤ መሬት ላይ የሚፈስሰው ውርንጭላው ሊጠባው የሚገባው እንገር ነው፤ ተመልሶም አይሠራም።

በውርንጭላውም በኩል ሰዓቱ ይቆጠራል። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አንጀቱ አንቲቦዲውን ሳይፈጭ፣ እንዳለ ወደ ደም ያሳልፋል። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይህ አቅም እየደከመ ይሄድና በ24 ሰዓት አካባቢ አንጀቱ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የተጠባ አንቲቦዲ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ተፈጭቶ ምግብ ይሆናል፤ ወደ ደም ግን አይገባም። እናትም ልጅም በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ጉዳይ ጨርሰዋል ማለት ነው። ደካማ ሆኖ የተወለደና መቆም ያቃተው ውርንጭላ ሲያጋጥም «ነገ ይጠነክራል» ብሎ ማደር የሚያስከፍለው ለዚህ ነው። ደግፋችሁ አስጠቡት፤ ካልቻለ እንገሩን በንጹሕ ዕቃ አልባችሁ አጠጡት። እንገሩ አንጀትንም ያላላል፤ በሆዱ ይዞት የተወለደው ጥቁርና የሚያጣብቅ ዓይነ ምድር እንዲወጣ ይረዳዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን በቅሎ ወደሚያረቡ አድማጮቻችን ልዙር። እስካሁን «እንገር፣ እንገር» ስል ቆየሁ፤ እንገር የሚገድልበት አንድ ሁኔታ ግን አለ።

በቅሎ እናቷ ባዝራ፣ አባቷ አህያ መሆኑን የማያውቅ የለም። የአህያ ቀይ የደም ሕዋስ የፈረስ ደም የሌለው አንድ ምልክት በላዩ አለው፤ የበቅሎዋም ጽንስ ይህን ከአባቷ ልትወርስ ትችላለች። በወሊድ ጊዜ ወይም ከዚያ በፊት የጽንሱ ደም ከባዝራዋ ደም ጋር ጥቂት ከተነካካ፣ የባዝራዋ አካል ምልክቱን እንደ ጠላት ይቆጥረውና አንቲቦዲ ያዘጋጅበታል። በመጀመሪያው ወሊድ ብዙ ጊዜ ችግር አይታይም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ግን ያ አንቲቦዲ ከሌላው ጋር አብሮ ግቷ ውስጥ ይጠራቀማል። ግልገሏ በቅሎ ጠንካራና ጤነኛ ሆና ትወለዳለች፣ ደህና አድርጋ ትጠባለች፤ ከዚያ በአንድ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ትደክማለች፣ ድዷና የዓይኗ ነጭ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቷ ይጠቁራል። የገዛ እናቷ እንገር ቀይ የደም ሕዋሶቿን እየፈጀባት ነው።

ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ሞት ያጋጠማት ባዝራ ካለች፣ በሚቀጥለው ወሊዷ ግልገሉን ለመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ከእርሷ እንዳይጠባ መከልከል፣ የእርሷን ግት ግን እያለቡ መድፋት፣ ለግልገሉም በቅሎ ወልዳ የማታውቅ ሌላ ባዝራ እንገር መፈለግ ነው። አንጀቱ ከተዘጋ በኋላ ወደ እናቱ ቢመለስ ወተቷ አይጎዳውም። አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይበጃል። በዚህ የሞተች በቅሎ ስንቷ በ«ቡዳ» ወይም በ«ምች» ተሳብቦባት እንደተቀበረች ማን ያውቃል።

ወደ አህያዋ እንመለስ። በመጀመሪያው ሳምንት ወተቱ ከእንገርነት ወደ ወተትነት ይሸጋገራል። ፕሮቲኑ ሲወርድ ላክቶሱ ይወጣል፣ መልኩም ከቢጫነት ወደ ነጭነት ይመጣል። ከዚያ በኋላ የምናገኘው ቀጭን፣ ጣፋጭና ከመቶ 90 ገደማው ውሃ የሆነ ወተት ነው። ቀጭንነቱ ከድህነት የመጣ እንዳይመስላችሁ። ጥንቸል ልጆቿን ጎሬ ውስጥ ትታ ስለምትውልና በቀን አንዴ ብቻ ስለምታጠባ ወተቷ በጣም ወፍራም ነው። ውርንጭላ ግን ከእናቱ አጠገብ አይለይም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ጥቂት ጥቂት ይጠባል። ለእንዲህ ዓይነቱ አጠባብ ወፍራም ወተት ምን ያደርጋል? እንዲያውም ውሃውንም ከዚያው ያገኛል።

በዚሁ ጊዜ አካባቢ፣ እናቲቱ በወለደች ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ፣ እንደገና ለስሪያ ትነሳሳለች። ውርንጭላውም በእነዚያው ቀናት ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ተቅማጥ ይይዘዋል። ባለ ፈረሶች በዓለም ዙሪያ ለዘመናት «ስሪያው ወተቷን አበላሸው» ሲሉ ኖረዋል። ወተቱ ሲመረመር ግን ተቅማጡን የሚያመጣ ለውጥ አልተገኘበትም፤ ከእናታቸው ተለይተው ያደጉ ግልገሎችም በዚያው ዕድሜ ተቅማጥ ይዟቸዋል። ምክንያቱ ወተቱ ሳይሆን የውርንጭላው የራሱ አንጀት ነው፤ ሣር መቀንጠስና የእናቱን ፋንድያ መቅመስ ሲጀምር አንጀቱ ውስጥ አዳዲስ ረቂቅ ተሕዋስያን ይሰፍራሉ። ፋንድያ ሲበላ ያያችሁት ውርንጭላ አልታመመም፤ ወደፊት ሣር የሚፈጩለትን ተሕዋስያን እየሰበሰበ ነው።

ከአንደኛው ወር በኋላ ለውጡ ዝግ ይላል፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ፕሮቲኑ በመጀመሪያው ወር ከመቶ 2 አካባቢ ከነበረበት እየቀነሰ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር ወደ 1.5 ይጠጋል። የማዕድኑም መጠን፣ በተለይ ካልሲየምና ፎስፈረሱ፣ አብሮ ይቀንሳል። የቻይናውም ጥናት ያየው ይህንኑ ነው፤ ፕሮቲንና ማዕድን ወራቱ በገፉ ቁጥር ይወርዳሉ።

እዚህ ላይ ላም የምታልቡ አድማጮች ግራ ሊገባችሁ ይገባል። ጥገት ላም ልትደርቅ ስትቃረብ ወተቷ ያንሳል፣ ግን ይወፍራል፤ ቅቤውም በመጨረሻዎቹ ወራት የተሻለ ይወጣል። ይህን ቤቷ ውስጥ አንዲት ላም ያለቻት እናት ሁሉ ታውቀዋለች። በአህያ ግን ወተቱም ያንሳል፣ ፕሮቲኑም ይሳሳል። ባዝራም እንዲሁ ናት። የሰው እናት ወተትም ወራት በገፉ ቁጥር ፕሮቲኑ ይቀንሳል። ውርንጭላው በመጀመሪያው ወር በፍጥነት ሥጋና አጥንት ስለሚሠራ ብዙ ፕሮቲንና ካልሲየም ይፈልጋል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ሣሩን ራሱ እየጋጠ ነው። እናቲቱ ከእንግዲህ ሙሉ ስንቁን መሸከም አይጠበቅባትም።

ላክቶሱስ? እርሱ ከስድስትና ከሰባት መካከል ሳይነቃነቅ ይቆያል። ምክንያቱን መግለጽ እወዳለሁ፤ ከዛሬው ርዕስ ሁሉ ለእኔ በጣም የሚያምረው እርሱ ነውና። የግቷ ሕዋሳት ላክቶስን ሲሠሩ ስኳሩ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፤ ብዙ ላክቶስ ሲሠራ ብዙ ውሃ ይገባል፣ ትንሽ ሲሠራ ትንሽ። ስለዚህ እናቲቱ ስትደክም ወይም ወራቷ ሲገፋ የምትሠራው ላክቶስ ቢቀንስም በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው መጠን አይለወጥም፤ የሚቀንሰው ሊትሩ ራሱ ነው። የወተቱን ብዛት የሚወስነው ስኳሩ ነው ማለት ነው። ለዚህም የአህያ ወተት በስድስተኛ ወሩ ቢቀመስ ጣፋጭነቱ ያው ነው።

ፕሮቲኑ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ይታያል። ከላም ወተት ፕሮቲን ከመቶ 80 ገደማው ኬዚን ነው፤ ወተት ሲረጋ የሚጠነክረው፣ አይብ የሚሆነው እርሱ ነው። በአህያ ወተት ኬዚኑ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ የቀረው በአጓቱ ውስጥ የሚቀር ቀላል ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ጨጓራ ውስጥ የሚረጋው እንደ ላም ወተት ጠንክሮ ሳይሆን ለስልሶ ነው። ይኸው ነገር አይብ ሠሪዎችን ፈተና ውስጥ ጥሏቸዋል። በሰርቢያ፣ በዛሳቪጻ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ «ፑሌ» የሚባል የአህያ አይብ ይሠራል፤ ከዓለም ውድ አይቦች አንዱ ነው፤ ግን የፍየል ወተት ይቀላቀልበታል። ከአህያ ወተት ብቻ አይብ ለመሥራት የቻለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ሥራውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ የተጠቀመውም በጥጃ ፈንታ የግመልን ወተት አርጊ ኢንዛይም ነበር።

ሌላው ሊዘለል የማይገባው ላይሶዛይም ነው። ላይሶዛይም የባክቴሪያን ቅርፊት የሚሰነጥቅ ፕሮቲን ሲሆን በእንባችንና በምራቃችንም አለ። በላም ወተት ውስጥ አለ የሚያሰኘው ጭላንጭል ብቻ ነው። በአህያ ወተት ግን በሊትር 1 ግራም አካባቢ ይገኛል። በጣሊያን የካሜሪኖ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሥራ መሠረት በሁለተኛው ወር 1.3 ግራም ገደማ የነበረው በስድስተኛው ወር ወደ 0.8 ይወርዳል። ይቀንሳል፣ ግን አይጠፋም። አንቲቦዲው በአንድ ቀን ሲያልቅ ላይሶዛይሙ ወራቱን ሙሉ በዘብነት ይቆያል። ንጹሕ ሆኖ የታለበ የአህያ ወተት የባክቴሪያ ቁጥሩ አነስተኛ የሚሆነው በከፊል በእርሱ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ስቡ፣ ወደዚያ ሦስት እጥፍ ልዩነት እንመለስ።

ስብ ከሁሉም የሚያስቸግር ነው፤ ወራቱ ሲገፋ በአብዛኛው ይቀንሳል ቢባልም ከቀን ቀን፣ ከአህያ አህያ ይዋልላል። ምክንያቱ በአለባው ነው። አህያ ሁለት የጡት ጫፍ አላት፤ ግቷ ትንሽ ነው፣ ወተት የሚጠራቀምበት ክፍት ቦታ ጥቂት ብቻ ይይዛል። አብዛኛው ወተት ከላይ፣ በጥቃቅኖቹ ከረጢቶች ውስጥ ነው ያለው፤ ወደ ታች የሚወርደው እናቲቱ ውርንጭላዋን ስታይ፣ ስታሸት ወይም ሲነካት ነው። ስብ ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራል። መጀመሪያ የሚወጣው ቀጭን፣ መጨረሻ የሚወጣው የሰባ ነው። በጥጃ አስገትተን ላም የምናልብ ሰዎች ይህ አዲስ አይሆንብንም፤ ለጥጃው የምንተውለት የመጨረሻው ከሁሉም የሰባው ነው።

በአውሮፓ አህያ ሲያልቡ ውርንጭላውን ሦስት ሰዓት ያህል ቀድመው ይለዩታል፣ ካለቡ በኋላ ይመልሱታል። በአንድ አለባ የሚገኘው ብዙ ጊዜ አንድ ሊትር አይሞላም። አላቢው ወተቱን ሳያሟጥጥ ካቆመ ስቡ ግት ውስጥ ቀርቷል፤ የላቦራቶሪው መሣሪያም «ስብ የለሽ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ውርንጭላው ግን እስከ መጨረሻው ስለሚጠባ ከሰንጠረዡ የተሻለ ወተት ያገኛል። በዚህ የተነሳ የአህያን ወተት ስብ በሚመለከት የሚወጡ ቁጥሮችን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የማያቸው፤ ስለ ላክቶስና ስለ ፕሮቲን ያሉትን ግን ደህና አድርጌ አምናለሁ።

የስቡ ዓይነት ሌላ ነገር ነው። አህያ አታመነዥክም። ላም የበላችው ሣር ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ዘይት በሆዷ ያሉ ተሕዋስያን ወደ ጠንካራ ስብ ይለውጡታል፤ በአህያ ግን ዘይቱ ተሕዋስያኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ስለሚፈጭና ወደ ደም ስለሚገባ ወደ ወተቱ የሚደርሰው ብዙም ሳይለወጥ ነው። ስለዚህ የክረምት ለምለም ሣር የበላች አህያና የበጋ ጭድ የበላች አህያ የወተት ስባቸው አንድ አይሆንም። በአንዲት አህያ ላይ ወር ሲቆጠር ወቅትም አብሮ እየተለወጠ ስለሆነ ሁለቱን ለመለየት ያስቸግራል።

ሰው ለምን ፈለገው? የአህያ ወተት በላክቶሱና በፕሮቲኑ ለሰው እናት ወተት ከላም ወተት ይልቅ ይቀርባል። በፓሪስ፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ፣ ዶክተር ፓሮ በሚባሉ ሐኪም ኃላፊነት ሥር በነበረ የሙት ልጆች ሆስፒታል ውስጥ አህዮች ይቀለቡ ነበር። ቂጥኝ ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ለሌላ እናት እንዲጠቡ ከተሰጡ በሽታው ይተላለፋል፣ በጡጦ ሲመገቡ ደግሞ አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር። ስለዚህ ነርሶች ሕፃናቱን ይዘው በቀጥታ ከአህያዋ ጡት ያጠቧቸው ነበር። በእኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በቱሪን የወጣ ጥናት የላም ወተት አለርጂ የጠናባቸውን 46 ልጆች ተከታትሎ 38ቱ የአህያ ወተት እንደተስማማቸው አይቷል። የቀሩት 8ቱ አልተስማማቸውም፤ ይህም አይረሳ።

ነገር ግን የአህያ ወተት ጉልበቱ አነስተኛ ነው። የሰው እናት ወተት ከመቶ 3.5 እስከ 4 ስብ ሲይዝ የአህያው ከ1 ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ጣሊያናውያኑ ሐኪሞች ለሕፃን ሲያዙ ዘይት ለክተው ይጨምሩበታል፣ ክትትልም ያደርጋሉ። ለምግብነት ባይጠጣም፣ በአገራችን በአንዳንድ ቦታ ትክትክ ለያዘው ልጅ የአህያ ወተት በመድኃኒትነት ማጠጣት ይነገራል። ላይሶዛይሙ መኖሩን ሰምቶ «ለካስ እውነት ነው» የሚል አድማጭ እንዳይኖር ልናገር፦ ትክትክን የሚፈውስ የአህያ ወተት የለም። ትክትክ መከላከያው አምስቱን በአንድ የያዘው የሕፃናት ክትባት ነው፤ የያዘው ሕፃን ደግሞ ቶሎ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ትንፋሽ እስከ ማቋረጥ ያደርሳልና። ያልፈላ ጥሬ ወተት የየትኛውም እንስሳ ቢሆን የራሱ አደጋ አለው።

የመጨረሻው ጉዳይ የእናቲቱ ነው። ይህን ሁሉ ወተት የምታመርተው ከምትበላው ነው፤ መኖው ካነሰ ከገላዋ ታወጣለች። አህያ በዚህ በኩል ከላም የከፋ ድክመት አለባት። በእርግዝናዋ መጨረሻና በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኖ በድንገት ቢቀርባት፣ ወይም ታማ መብላት ብታቆም፣ አካሏ የተከማቸውን ስብ በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይለቀዋል። ደሙ በስብ ይሞላል፣ ጉበቷ ይጎዳል፤ ብዙዎቹ አይተርፉም። የወለደች አህያ አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ሐኪም የሚጠራው በዚያው ዕለት ነው፤ ወፍራም አህያ ስለሆነች ትችላለች ማለት አይሠራም፤ እንዲያውም የበለጠ የሚያሰጋው ለወፍራሟ ነው።

ጭነቱን በተመለከተ፦ ከመውለዷ በፊት ባሉት የመጨረሻ ወራትና በወለደች በመጀመሪያዎቹ ወራት ብታርፍ ጥሩ ነው። የኑሮ ነገር ሆኖ ካልተቻለ ሸክሙ ይቅለል፣ መንገዱ ይጠር፣ ውርንጭላውም አብሮ ይሂድ። እናቱ ጠዋት ሄዳ ማታ የምትመለስ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሊጠባው የሚገባው ቀጭን ወተት በሚጠራቀምበት ትንሽ ግት ውስጥ ሊቆይ አይችልም፤ ግቱ ሲሞላ ማምረቱን ያቆማል፣ እየቆየም ይደርቃል። ውሃ ከሁሉም በላይ አስፈላጊ ነው፤ ከመቶ 90 ውሃ የሆነ ነገር የምታመርት እንስሳ ከመንገድ ስትመለስ ቀድሞ የሚቀርብላት ውሃ ነው። ውርንጭላውን ከጡት መለየት ከስድስት ወር በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ በዚያን ጊዜ ሣሩን ደህና አድርጎ ይፈጫል።

በሚቀጥለው ሳምንት የምንነጋገረው ስለ ጭነት ቁስል ነው፤ ለኮርቻና ለመደላድል የሚሆነውንና የማይሆነውን እናያለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።